በጣት ስፋት የሚለካ ሙያ

ስፒከር አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ለዓይን የሚተወው ነገር የለም። አዲስ ዕቃ አልተገዛም፣ ግድግዳም አልፈረሰም። ስፒከሮቹ ከየት ተነሥተው የት እንዳረፉ የሚናገሩት ወለሉ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ፕላስተሮች ብቻ ናቸው።

5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። የቤታችን ልማድ ሶፋውን ግድግዳ ማስደገፍ፣ ስፒከሮቹን ከቡፌው ግራና ቀኝ ጥግ ውስጥ መወሸቅ ነው። መሐሉ ለእንግዳ ይመቻል፤ ቤዙ ግን ያጉረመርማል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በዚህ ክፍል ርዝመት 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደረባል። ግድግዳው ሥር ይገዝፋል፤ የክፍሉ እኩሌታ ላይ ይሟሽሻል። አንዱ ዘፈን ለሁለት ተቀማጮች ሁለት ዘፈን ይሆናል።

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያንቀሳቅሰው ወንበሩን ነው። የተለመደው መነሻ ከኋላው ግድግዳ የርዝመቱን 38 በመቶ መራቅ ነው፤ እዚህ ቤት 1 ሜትር ከ90 ይሆናል። ከዚያ ቤዝ ጊታር ደረጃ በደረጃ የሚወርድበትን ዘፈን ይከፍትና፣ ኖታዎቹ እኩል ጉልበት እስኪያገኙ ወንበሩን ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይገፋል።

ከወንበሩ በኋላ ተራው የስፒከሩ ነው። ስፒከሩ ከኋላው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ሲርቅ፣ ከግድግዳው ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ቀጥታ የሚመጣውን ያዳክመዋል። ከጎኑም ግድግዳ 1 ሜትር ቢሆን ጉድለቱ እዚያው ላይ ይደራረባል። ባለሙያው ጎኑን ወደ 80 ሴንቲሜትር ያወርደዋል። ላላወቀ ዝንፈት ይመስላል፤ ነገር ግን ታስቦበት የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ሜትሩ ይዘረጋል። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ጎኑ 2 ሜትር ከ40 ገደማ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ ትዊተሩ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ ይሆናል። ከአንዱ ስፒከር ያለው ርቀት በ1 ሴንቲሜትር ቢበልጥ ድምፁ በ29 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። የሰው ጆሮ በተመቸ ሁኔታ በግራና በቀኝ መካከል የ10 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ልዩነት ይለያል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ስቴሪዮ የቆመው በዚህ የጆሮ ችሎታ ላይ ነው። ልኩ ሲገጥም ዘፋኙ ምንም ስፒከር በሌለበት መሐል ላይ ይቆማል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የመስታወቱ ብልሃት ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትታል። ተቀማጩ ትዊተሩን መስታወቱ ውስጥ ያየበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣበት ነው። ወፍራም መጋረጃ ወይም በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ እዚያ ይቆማል። የቀረው የግድግዳው ክፍል ባዶውን ይቀራል።

የመጨረሻው ፈተና የሳሎኑ ሰው ብዛት ነው። ለአንድ ወንበር የተስተካከለ ድምፅ ዳር ለተቀመጡት ወደ ቅርባቸው ስፒከር ያጋድላል። የበሰለ ባለሙያ ስፒከሮቹን ወደ ውስጥ አጥብቆ ያዞርና አቅጣጫቸው ከአድማጮቹ ፊት እንዲሻገር ያደርጋል። ግራ የተቀመጠው ለግራው ስፒከር ቢቀርብም ፊቱን የሚሰጠው የቀኙ ስለሆነ፣ ቅርበትና ጉልበት ይመዛዘናሉ። መሐል ያለው ከድምፁ ጥራት ጥቂት ያጣል፤ ዳር ያሉት ግን ዘፋኙን ያገኙታል። ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት ሳሎን ከሆነ፣ እኔ የማደንቀው ይህን የሚያውቀውን እጅ ነው።