ከሆለታ የወጣው በፖስታ ይላክ ነበር?

ከርቀት ትምህርት ጋር ጠብ የለኝም። ጡረታ ወጥቼ አምቦ ከተቀመጥኩ ወዲህ ከጊንጪም ከጌዶም ሞጁል ይዘው የሚመጡ መኮንኖችን አስጠናለሁ። እውነቱን ለመናገር ካምፕ ገብተው ከሚማሩት ከብዙዎቹ የበለጠ ያነባሉ። ካምፕ ያለው ተማሪ መምህሩ ይነግረኛል ብሎ መጽሐፉን ይተወዋል። በርቀት የሚማረው ግን ከተረኛነት መልስ፣ ሌሊት፣ ገጹን ሁለት ሦስቴ ካልደገመው የሚያስረዳው የለም። የጦር ታሪክ፣ ወታደራዊ ሕግ፣ የስንቅና የነዳጅ ስሌት፣ የዘመቻ ትእዛዝ አጻጻፍ፣ ይህ ሁሉ በወረቀት ይሄዳል።

በወረቀት የማይሄደው ውሳኔ ነው። ሳስተምር ተማሪዎቼን ከጉደር በላይ ካለ ጉብታ ላይ አቆምና «ጠላት ከወንዙ ማዶ ነው፤ መትረየስህን የት ታጠምዳለህ?» እላለሁ። አንዱ ካርታውን አይቶ ይመልሳል። ካርታው ላይ ሜዳ የመሰለው መሬት ግን ውስጡ ሸለቆ ነው፤ ጓደኛው «በዚያ በኩል ሳታየው አጠገብህ ይደርሳል እኮ!» ይለዋል። ይከራከራሉ። ክርክሩ ሲሞቅ «ድልድዩ ፈርሷል፣ ሬዲዮህ ተበላሽቷል፣ አሥር ደቂቃ አለህ» እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ማን እንደሚደነግጥ፣ ማን ትእዛዙን አሳጥሮ እንደሚሰጥ፣ ማን ጥፋቱን በበታቹ ላይ እንደሚያላክክ ይታያል። የሚያየው ደግሞ መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ነገ በግራና በቀኝ ተሰልፎ የሚዋጋው ጓደኛውም ያየዋል። አሳይመንት ላይ ይህ የለም። እንዲያውም አሳይመንቱን ራሱ ሠርቶት እንደሆነ በምን ይታወቃል? በገንዘብ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን ኮሌጅ ባለበት ከተማ ሁሉ የማያውቅ የለም።

የነገሩ ምስክር ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ላይ አለ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ተከፈተ፤ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ነበር። ትምህርቱ ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላው ጣሊያን ደረሰ። ዕጩ መኮንኖቹ በ1928 ዓ.ም. በጥድፊያ የተመለመለ ብርጌድ እየመሩ ጣርማ በርን ለመከላከል ወጡ፤ አልተሳካላቸውም። ይህን ያህል አጭር ሥልጠና ብዙ የታክቲክ ዕውቀት ያስጨብጣል ብዬ አላምንም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተዋል፣ አዲስ አበባ ተይዛለች፣ ትእዛዝ የሚሰጥ የለም። እነዚህ ወጣቶች ወደ ምዕራብ ሄደው ነቀምቴ ላይ ከሌሎች ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። መሪው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ከጦር መኮንኖቹ ደግሞ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ይጠቀሳሉ። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አጋዩ፤ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ተገደለ። ለራሳቸው የጻፉት ደንብ ወታደሩ ከፖለቲካው አመራር በታች እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዛል። መንግሥት በሌለበት ሰዓት! ይህ የተገኘው አብረው በመኖራቸው ነው እላለሁ፤ አንዱ ሌላውን የት ድረስ እንደሚያምነው አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ተረሸኑ።

አብሮ መማር ሁልጊዜ ደግ ነገር አይወልድም። የአንድ ኮርስ ልጅነት ወደ ቡድንተኝነት ሲዞር አይተናል፤ ደርግ ውስጥ ማን ከሆለታ፣ ማን የሕንድ መኮንኖች የሦስት ዓመት ኮርስ ካስተማሩበት ከሐረር አካዳሚ እንደወጣ ይቆጠር ነበር። የሞጁል ተማሪ ቢያንስ ከዚህ ነጻ ነው።

ደግሞ ክፍሉ ዘመቻ ላይ እያለ አንድን ሻለቃ ለዓመት ትምህርት ቤት መላክ ለአዛዡ ቀላል አይደለም፤ ይህን ችግር የማይረዳ መምህር ካለ ግዳጅ ላይ ያልነበረ ነው። የአሜሪካ ጦር ዋር ኮሌጅ በካርላይል የሁለት ዓመት የርቀት ትምህርት ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ ግን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ሳምንት፣ በአካል ይሰበሰባሉ። ኢንተርኔት የማይቸግራቸው ሰዎች ይህን ካልተዉ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ከመምህሩ የሚቆራረጠው የእኛ መኮንን የበለጠ ያስፈልገዋል።

እኔ ጋ የሚመጡትን እንደዚያ ነው የማሠራቸው። ንባቡን ለየብቻቸው ይጨርሳሉ፤ የትእዛዝ አሰጣጥና የመሬት ጥናት ክፍል ላይ ስንደርስ ግን ብቻውን የመጣን አላስጠናም። ቢያንስ ሦስት ሆነው፣ ከተቻለ ከተለያየ ክፍል፣ አንድ ቅዳሜ ጉደር እንወጣለን። የሚያስቸግረው የሦስቱን ፈቃድ በአንድ ቀን ማግኘት ነው።