ተመረቀ፣ ተበረከተ፣ ተቆለፈ

የቤተ መጻሕፍት ዜና በአገራችን ሁለት ግሦች አሉት፤ «ተመረቀ» እና «ተበረከተ»። ጋዜጣ ብንገልጥ፣ ሬዲዮ ብንከፍት፣ የወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብናነብ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚያልፍ ወሬ እምብዛም አናገኝም። ሪባን ይቆረጣል፤ ይህን ያህል ሺህ መጽሐፍ ይሰጣል፤ ሰጪና ተቀባይ ተጨባብጠው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ዜናው እዚያ ላይ ያበቃል። መጽሐፉ ከዚያ ወዲያ ማን እጅ ገባ? ስንት ሰው አነበበው? ተጠይቆ የታጣውስ የትኛው ነው? ይህን የሚነግረን ሦስተኛ ግሥ የለም። ካለም ያለ ሪባንና ያለ ፎቶግራፍ፣ በጸጥታ የሚፈጸም ነው፤ «ተቆለፈ» ይባላል።

ሂስ ስንል አሳባችን ወደ ልቦለድ፣ ወደ ግጥምና ወደ መድረክ ይሮጣል። ቤተ መጻሕፍት ግን ራሱ የሚነበብ ነገር ነው። በሩ የሚከፈትበት ሰዓት፣ መደርደሪያው የቆመበት ቦታ፣ በአንባቢውና በመጽሐፉ መካከል የተዘረጋው ጠረጴዛ፣ ሁሉም ስለ አንባቢው አንዳች አሳብ ይናገራሉ። ወይ «ና፣ ያንተ ነው» ይላሉ፣ ወይም «እዚያው ቁም፣ ምን ፈለግህ?» ይላሉ። እኛም ይህን ንግግር እንደ ማንኛውም ድርሰት ልንመዝነው ይገባል።

ለዚህ ምዘና አቃቂ ቃሊቲን የመሰለ ቦታ አይገኝም። ቃሊቲ ሲባል ለብዙ ጊዜ ሰው ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ነው፤ አቃቂ ሲባል ደግሞ ፋብሪካው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መጋዘኑ ያንን ሐዲድና መንገድ ተከትሎ በቀለ። ነዋሪውም ሰዓቱን በፋብሪካ ደወል መቁጠር ለመደ። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር እስከ ቃሊቲ ደረሰ፤ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ተሠርተው ከመሐል ከተማ የመጣ ብዙ ሕዝብ ሰፈረባቸው። እንግዲህ አንባቢው ማን እንደሆነ እንይ። አንደኛው በፈረቃ የሚሠራ ነው፤ ሌሊት ገብቶ ጠዋት የሚወጣ፣ ወይም ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ። ሌላዋ ጎረቤት ጫጫታ ግድግዳ አልፎ በሚገባበት ክፍል ለፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ ናት። ሌላው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያነብ፣ በሁለቱም ለልጆቹ ተረት የሚፈልግ አባት ነው። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ የሚከፈት፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋ የንባብ ክፍል ከነዚህ ሰዎች የትኛውን አስቦ ነው የተሠራው? የፈረቃ ሠራተኛው ሲወጣ እርሱ ተዘግቷል፤ እርሱ ሲከፈት ሠራተኛው ተኝቷል። ሁለቱ በአንድ ሰፈር እየኖሩ አይተዋወቁም።

አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት የላትም ለማለት አይደለም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት፣ በአንድ ጊዜም በሺህ የሚቆጠሩ አንባቢዎችን እንደሚያስተናግድ ተነግሮለታል። መልካም ነው፤ በዚህ አገር ለመጽሐፍ ትልቅ ቤት ሲሠራ የሚያዝን ሰው ቢኖር እርሱ አንባቢ አይደለም። ነገር ግን ከአቃቂ በሰቃ እስከ አራት ኪሎ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠራተኛው ታክሲ ተሰልፎ፣ ደርሶ፣ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ይመለስ ማለት ለእርሱ አልተሠራም ማለት ነው። ትልቁ ቤት የትንንሾቹን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ትንንሾቹ ግን የትልቁን ጠባይ መቅዳት ይወዳሉ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችንን ሕዝቡ የሚጠራው «ወመዘክር» እያለ ነው። ስሙን ልብ ብለን እንየው። ሙሉው «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር፤ ሰዉ ግን «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ጥሎ «እና መዘክር» የሚለውን ቅጥያ አስቀረ። ስም ያለ ነገር አይወጣምና፣ ከሁለቱ ተግባሮች ጎልቶ የታየው የቱ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ ማንበቡ ወደቀ፣ መጠበቁ ቀረ። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይህ ነውር አይደለም። በአገሪቱ የሚታተመውን ሁሉ ተቀብሎ ለመጪው ትውልድ ማቆየት ሕግ የጣለበት ግዴታ ነው፤ መጽሐፍ ከበሩ ባያስወጣ ማንም አይወቅሰውም። የወረዳው፣ የወጣት ማዕከሉና የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ቤት ግን ምን የሚጠብቀው ቅርስ አለው? ገበያ ላይ ያለውን ልቦለድ፣ የሰባተኛ ክፍል መርጃ መጽሐፍ፣ የልጆች ተረት በመስታወት ቁም ሣጥን ቆልፎ መዘክር መሆን ምን ይባላል?

ያለፈውን ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በዚህ አገር ብዙ ሕዝብ ከመጽሐፍ ጋር የተገናኘው መጽሐፉ ተቀምጦ ሲጠብቀው ሳይሆን ተነሥቶ ሲመጣለት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ ፊደል የቆጠረው ገበሬ እንዳይረሳም በየመንደሩ የንባብ ቤቶች ተቋቋሙ። የዘመኑን ፖለቲካ የፈለግነውን ብንለው አሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰው ያለበት ድረስ ሂድ የሚል ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከገዙት ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙት እጅግ ይበዛሉ ቢባል የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። በየመንገዱ ጠርዝና በየሱቁ የነበሩት መጽሐፍ አከራዮችም አሉ። ማስያዣ ትሰጣለህ፣ ስምህ በደብተር ይጻፋል፣ መጽሐፉን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ስትመልስ የቀኑን ኪራይ ከፍለህ ሌላ ትወስዳለህ። አከራዩ ስለ ንባብ ባህል ንግግር አላደረገም፤ ሂሳቡ ግን ቀና ነበር። መደርደሪያ ላይ የተኛ መጽሐፍ ሳንቲም አያመጣም።

ቅርብ ጊዜ ያለፈውን ደግሞ እንጨምር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ በመመለስ በ1995 ዓ.ም. በሾላ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቀጥሎም በሐዋሳ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ ወደ ልጆች መንደር ላከ። አህያዋ ያስተማረችን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ቤተ መጻሕፍት እግር ቢኖረው የሚያፍርበት ነገር የለም።

ታዲያ የሰፈሩ መጽሐፍ ቤት ለምን ይቆልፋል? «ሠራተኛው ግዴለሽ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በመንግሥት ንብረት አያያዝ ልማድ መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ በአንድ ሰው ስም የሚመዘገብ ንብረት ነው። ቆጠራ ሲመጣ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው፤ ቢጎድልም የሚያስጨንቀው የገዛ ደመወዙ ነው። አሁን ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አድርጉ። ሺህ መጽሐፍ ቢነበብ የሚያመሰግነው የለም፤ አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የሚጠይቀው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣንለት ሰው ቁልፉን በኪሱ ቢይዝ ልንፈርድበት አንችልም። መጽሐፍ ሳያውስ የሚኖር ሠራተኛ ጥፋተኛ አይደለም፤ እንዲያውም በደንቡ ሚዛን ምስጉን ነው። መታረም ያለበት ሚዛኑ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍ በሰንሰለት ከመደርደሪያ ጋር ይታሰር ነበር። ያኔ ምክንያት ነበረው፤ በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ ዋጋው እንዲህ በቀላል የሚነገር አልነበረም። የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ የሙያውን አምስት ሕጎች ሲያስቀምጥ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ሕጉ፣ በእኛ አነጋገር፣ መጽሐፍ የተሠራው ሊሠራበት ነው የሚል ነው። ሌላው ደግሞ የአንባቢውን ጊዜ አታባክን ይላል። እኛ ሰንሰለቱን አልወረስንም፤ ግን ቁም ሣጥኑን፣ ሞዴሉንና ሰዓቱን አጋጥመን የራሳችንን ሰንሰለት ሠራን።

«የንባብ ክፍሎቹ እኮ በተማሪ ይሞላሉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጸጥታና መብራት ያለው ወንበርም በተጨናነቀ ቤት ለሚኖር ልጅ ትልቅ ስጦታ ነው። ሆኖም ተማሪው ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ያመጣውን ደብተር ነው። የመደርደሪያው መጽሐፍ ከጀርባው እንደ ግድግዳ ቆሟል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን አያድነንም። ነገር ግን ከደብተሩ ውጭ ያለ ገጽ ገልጦ የማያውቅ ልጅ ያልጻፈው ጥያቄ ሲመጣበት ምን ይዞ ይመልስ? ወላጁ ደግሞ እንዳይገዛለት አንድ መጽሐፍ ዛሬ በመቶዎች ብር ይሸጣል።

ስለዚህ ከትንሽ መጽሐፍ ቤት የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን እንኳ እስከ ማታ ይከፈት፤ የፈረቃው ሰው ይግባ። በነዋሪነት መታወቂያና በዋስ መጽሐፍ ወደ ቤት ይውሰድ። ከመቶ ጥቂቱ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ያ ኪሳራም ያለ ምርመራና ያለ ደመወዝ ቅጣት ከመዝገብ ይሰረዝ፤ ወንፊት ዱቄት ያስቀራል ተብሎ እንጀራ አይቀርምና። የአማርኛው መደርደሪያ አጠገብ የአፋን ኦሮሞው ይቁም፣ የልጆቹ ደግሞ ልጅ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ከፍታ።

ዜናውም ይለወጥ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የጎብኚ ባለሥልጣን ፎቶግራፍ ባለበት ቦታ በየወሩ አንዲት ወረቀት ትለጠፍ። በዚህ ወር የገቡት እነዚህ ናቸው፤ ወጥተው የተነበቡት እነዚህ ናቸው፤ ተጠይቀው ያልተገኙት ደግሞ እነዚህ ናቸው ትበል። ከሦስቱ ሦስተኛው ዝርዝር ይበልጣል። የአቃቂ ሰው ምን ማወቅ እንደሚፈልግ የሚነግረን እርሱ ነው፤ መጽሐፍ ልለግስ ብሎ የተነሣ ሰውም ቤቱ የተረፈውን ከመጫን ይልቅ ያንን ዝርዝር አይቶ ይገዛል። ያ ዝርዝር ባዶ የሆነ ዕለት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ሁሉ ተሟልቷል፣ ወይም የሚጠይቅ ሰው መምጣት አቁሟል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን መሞከር ይበቃል።