423 ወይስ 427?

በኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ያለፈ ብዙ ሰው 423 የምትባለዋን የናሙና ቁጥር ያውቃታል። ጤና መኮንኑም፣ ነርሷም፣ ሚድዋይፏም የመመረቂያ ጥናታቸውን ሲጀምሩ ይደርሱባታል። 1.96 በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ በ0.5፣ እንደገና በ0.5። ውጤቱ በራሱ ለተባዛ 0.05 ሲካፈል 384.16 ይመጣል። ቤቱ የሚዘጋ፣ መልስ የማይሰጥ ሰው አይጠፋምና 10 በመቶ ይታከልበታል፤ 422.576 ይሆናል። ሰው አይሸራረፍምና 423 ተብሎ ይጻፋል።

አልፎ አልፎ ግን በአንድ ተማሪ ፕሮፖዛል ላይ 427 ተጽፎ አገኛለሁ። ያን ጊዜ ገጹን ቶሎ አልገልጠውም። 423 ቤት ተመርጦ ከአሥሩ አንዱ ቢቀር በእጅ የሚገባው 380 ገደማ ነው፤ ከሚያስፈልገው 384 ያንሳል። 427 ብላ የጻፈችው ተማሪ በላዩ 10 በመቶ አልጨመረችም፤ 384.16ን ለ0.9 አካፈለች። ከ427ቱ አሥር በመቶው ቢጎድል 384 ይተርፋታል። ልዩነቱ አራት ቤት ነው፤ የጥናቱን ውጤት ይገለብጣል ብዬ አልከራከርም። ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ከበላይ ተማሪዎች ወረቀት የሚገለብጡትን መስመር እሷ አቁማ «ይህ አሥር በመቶ የተጨመረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃዋለች። ገና ከክፍል ሳትወጣ የሚዘጋባትን በር አስባበታለች።

0.5ም እንዲሁ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። የችግሩ ስፋት ፈጽሞ ካልታወቀ 50 በመቶ መውሰድ ጥንቃቄ ነው፤ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው እሱ ነውና። ጥናቱ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ተቅማጥ ላይ ከሆነ ግን መነሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከመጠይቁ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት 12 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር መዝግቧል። በዚህ ቁጥር ከተሰላ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ሆኖ፣ 163 ሕፃን ይበቃል። ያጓጓል። መልሱ ግን «ከ7 እስከ 17 በመቶ ባለው ውስጥ ነው» ከማለት አያልፍም፤ ይህ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ምን ይረባዋል? ሥራዋን የምታውቅ ተማሪ ወሰኑን ወደ 3 በመቶ ታጠብበውና 451 ሕፃን ልትፈልግ ትነሣለች። ጥናቱ በጥቂት ቀበሌዎች ላይ የተወሰነ ከሆነም ቁጥሩን በ1.5 ወይም በ2 ታባዛዋለች፤ ጎረቤታሞች ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ የአንዱ ቤት መልስ የሌላውን በከፊል ይደግማልና። ለእግሯ ድካም የሚጨምርባትን ውሳኔ በገዛ እጇ ትጽፈዋለች።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን ሥር ያለው ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው ከደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ማግሥት ነው፤ ሠልጣኞቹም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ ይማሩ ነበር። ጅማ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ተማሪዎቹን ወደ መንደር መላክ ከጀመረ ቆይቷል። ቡታጅራ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲከታተል ኖሯል። ዛሬ መጠይቅ አንግታ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ጎጥ ለጎጥ የምትዞር ተማሪ እነዚህ በቀደዱት መንገድ ላይ ናት።

ጥበቡ በደንብ የሚታየው ግን መጠይቁ ላይ ነው። «እጅዎን በሳሙና ይታጠባሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት መልሱን ሳይጠብቅ ቢሞላም ያው ነው፤ እንግዳ ፊት «አልታጠብም» የምትል እናት ከየት ትመጣለች? ጥሩ መጠይቅ እዚህ ላይ ዘዴውን ይለውጣል። «ቤተሰቡ እጁን የሚታጠብበትን ቦታ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ይላል፤ ከሥሩም ጠያቂዋ በዓይኗ አይታ የምትሞላቸው ሁለት ሣጥኖች ብቻ አሉ፤ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ። እናትየዋ አልተፈተነችም፣ አላፈረችም፤ እውነቱም ተመዘገበ። ሌላ ቦታ ላይ «ትናንት እጅዎን የታጠቡት ምን ምን ሲያደርጉ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይመጣና በቅንፍ «ምርጫዎቹን አታንብቢ» ይላል። ያቺ የቅንፍ ትእዛዝ ትልቅ ነገር ናት። ምርጫው ከተነበበላት እናት ሁሉንም ትቀበላለች፤ ካልተነበበላት ያደረገችውን ታስታውሳለች።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅዎ ተቅማጥ ይዞት ነበር?» የሚለውም አንድ መስመር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ተሠርቶበታል። መለኪያው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀጠነ ወይም ውሃ የሆነ ዓይነ ምድር። ልጁ ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው ብላ ከበሽታ የማትቆጥረው እናት አለች፤ ስለዚህ ጥሩ መጠይቅ በስሙ ብቻ አይጠይቅም፤ ስንት ጊዜ እንደወጣና ምን ይመስል እንደነበር አስከትሎ ይጠይቃል። ሁለት ሳምንቱንም በአየር ላይ አይተወውም። ገበያው ማክሰኞ በሚውልበት አገር «ካለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ከነበረው የማክሰኞ ገበያ ወዲህ» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ አታገኘውም። ተማሪዋ መጠይቁን በሌላ ቀበሌ በናሙናዋ 5 በመቶ ልክ ሰዎች ላይ ስትሞክር፣ እናቶቹ ጣታቸውን እያጠፉ ቀኑን ሲቆጥሩ አይታ ያመጣችው ነው። ብዙዎች ይህን ቅድመ ሙከራ ለፎርማሊቲ ሲያደርጉት ሳይ ያሳዝነኛል፤ መጠይቅ መጠይቅ የሚሆነው እዚያ ነውና።

ጥናቱ የሕፃናቱን ዕድገትም የሚለካ ከሆነ የዕድሜው ጥያቄ ይመጣል። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ስንት ወሩ ነው? በዓመቱ አካባቢ ያለ ልጅ ዕድሜው በሁለት ወር ከተሳሳተ፣ ያልቀነጨረው ቀንጭሯል ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለዚህ የሚዘጋጀውን የአካባቢ ክንውኖች መቁጠሪያ ከተማሪ ሥራዎች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ወሩ በአንድ በኩል፣ ሰው የሚያስታውሰው ነገር በሌላ በኩል ይሰፍራል፤ መስቀል፣ አጨዳ፣ ጥምቀት፣ የቀበሌው ወፍጮ የተተከለበት ሰሞን። ጠንቃቃዋ ተማሪ መስቀል በየዓመቱ መስከረም 17፣ ጥምቀትም ጥር 11 እንደሚውል ታውቃለች፤ ፋሲካ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ኢድ አልፈጥርም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ ለአምስቱም ዓመት ለየብቻው ሠንጠረዥ ታወጣለች። «ለኢድ ማግሥት ነው የወለድኩት» ያለቻት እናት የትኛውን ኢድ እንዳለች ለይታ ወሩን ትጽፋለች። ልኬቱም ላይ እንደዚያው ናት። ከሁለት ዓመት በታች ያለው ተጋድሞ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል፤ አንዷ ጭንቅላቱን ስትይዝ ሌላዋ ጉልበቱን ታቀናለች። አልቆምም ብሎ ያለቀሰ የሦስት ዓመት ልጅ ተጋድሞ ከተለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር እንደሚቀነስለት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደተዘጋው በር እንምጣ። የመጀመሪያው ቤት በዕጣ ወጥቶ፣ ከዚያ በየስምንት ቤቱ እየተቆጠረ ሲሄድ አንዱ ተቆልፎ ይገኛል። ጎረቤት ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ሕፃንም አለ፤ «ግቡ እንጂ ልጆቼ» ይላሉ። ፀሐዩ በርትቷል፣ የመስክ አበሉም ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ገብቶ መጠይቁን መሙላት ማንም የማያውቀው፣ ማንም የማይደርስበት ነገር ነው። ግን ቤቷን ዘግታ የወጣችው እናት ገበያ ወይም የቀን ሥራ የዋለች ናት፤ ልጇ ከታላቅ እኅቱ ጋር የሚውል፣ የሚበላውም የሚጠጣውም ቤት ከምትውለው እናት ልጅ የሚለይ ሊሆን ይችላል። የተዘጉት ቤቶች በክፍቶቹ ከተተኩ ጥናቱ ቤት ስለሚውሉ እናቶች ብቻ ይናገራል፤ ርዕሱ ግን ስለ ቀበሌው ሁሉ ነው። ጎበዟ ተማሪ ለቡና ጥሪው «ይስጥልን፣ እንመለሳለን» ትልና መዝገቧ ላይ የቤቱን ቁጥርና ሰዓቱን ትጽፋለች። ገበያ በማይውልበት ቀን በማለዳ ትመለሳለች። ካልተገኘችም ሌላ ጊዜ። በመጨረሻ ያልተገኘው ቤት ከ427ቱ ውስጥ «አልተገኘም» ተብሎ ይቆጠራል እንጂ አይሞላም።

ከዚህ በኋላ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ ኢፒዳታም ሆነ ኤስፒኤስኤስ የተሰጠውን ይቆጥራል። መረጃው ሁለት ጊዜ በሁለት ሰው ገብቶ ሲነጻጸር፣ የ17 ዓመት እናት ስድስት ልጅ አላት የሚል መስመር ተገኝቶ ወደ ወረቀቱ ሲመለሱበት ማየትም ደስ ይላል፤ ግን ያ የሚረዳው ከመስክ የመጣው ወረቀት ታማኝ ከሆነ ነው።

ለዚህ ነው በዲፌንስ ቀን አንድ ነገር የሚከነክነኝ። ፈታኞች አብዛኛውን ሰዓት የሚያጠፉት የመጨረሻው ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የትኛው ተለዋዋጭ ከ0.05 በታች ወጣ፣ ሌላው ለምን አልወጣም። መጠይቁ ከኋላ በአባሪነት ተጠርዞ ሳይገለጥ ይቀራል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው። «ይህን ጥያቄ ከቅድመ ሙከራው በኋላ ለምን ለወጥሽው?» እላለሁ። «የክንውን መቁጠሪያሽን አሳዪኝ፤ የአምናው ፋሲካ መቼ ነበር የዋለው?» እላለሁ። «ያላገኘሻቸው ቤቶች ስንት ናቸው፣ በስንት ሰዓት ነበር የሄድሽው፣ በስንተኛው ነው የተውሽው?» እላለሁ። ሳታመነታ የምትመልስ ከሆነ ሠንጠረዡን ሳላየው ነጥቧን እጽፋለሁ።