አትክልተኛው ለምን ፈገግ አለ?

ባለፈው ሰሞን የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» (እ.ኤ.አ. 1813) አንሥተን ስንወያይ ግማሾቻችን «ኤልዛቤት የወደደችው ርስቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም» ብለን ፈረድን። ፍርዱ ተጣድፏል እንላለን።

ኤልዛቤት ዳርሲን «አፍንጫህን ላስ» ያህል ብላ ከመለሰችው በኋላ ከአጎቷና ከአክስቷ ጋር የደርቢሻየርን ገጠር ስትጎበኝ ፔምበርሊ ከተባለው ርስቱ ትደርሳለች። የባላባት ቤትና ግቢ አስፈቅዶ ማየት በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። ኋላ ለእህቷ ፍቅሬ የጀመረው ግቢውን ካየሁ ወዲህ ነው ትላታለች፤ ግን ቀልድ ነው፤ እህቷም ቁም ነገሩን ንገሪኝ ትላታለች። ልቧን የለወጠው የቤቱ አዛዥ ወይዘሮ ሬይኖልድስ ቃል ነው። ጌታዋን ከ4 ዓመቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ለድኃ ደግ ነው። ጌታን በሎሌ አንደበት መመዘን! ይህን ለደራሲዋ እናመሰግናለን።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ደራሲዋ የግቢውን ውበት ስታወድስ ጅረቱ ሰፍቷል፣ ግን የተሠራ አይመስልም ትለናለች። እንዴ! ጅረት እኮ ብቻውን አይሰፋም፤ ቆፋሪ አለው። ይህን «ያልተነካ» መልክ ያስፋፋው ኬፓብሊቲ ብራውን (1716–1783) የተባለው የመናፈሻ ነዳፊ ሐይቅ እያስቆፈረ፣ አፈር እያስጋዘ ነው። መንደር የተነሣበትም ጊዜ አለ፤ ኦክስፎርድ አጠገብ ኤርል ሀርኮርት በ1760ዎቹ ለመናፈሻው ሲል የኑንሃም ኮርትኒን መንደር አፍርሶ ነዋሪውን ሌላ ቦታ አስፍሯል።

እስቲ 43ኛውን ምዕራፍ እንደገና እንየው። አጎትየው ግቢውን ሊዞሩት ሲመኙ ዙሪያው 10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር ያህል) መሆኑ በድል አድራጊ ፈገግታ ይነገራቸዋል። የሚያስጎበኛቸው አትክልተኛው ነው። የራሱ ባልሆነ መሬት ስፋት ለምን ይኮራል? ደራሲዋ አትጠይቅም፤ ስሙን እንኳ አትነግረንም። «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ከአያቶቻችን አፍ የሰማን እኛ ግን ያችን ፈገግታ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

እንግዲህ ኤልዛቤት በርስት አልተገዛችም። ዳርሲን የመዘነችው ግን እንጀራውን በሚበሉ ምስክሮች ነው፤ መሬቱን የሚያርሱት ጭሰኞች አንድም ቃል አልተናገሩም። መጽሐፉን አንብቡት፤ ደጋግማችሁም አንብቡት። ከአትክልተኛው ስትደርሱ ግን እርሳሳችሁን አንሡና ከጎኑ ምልክት አድርጉበት።