የልጅነት መከራ በዘረመል ላይ ተጽፎ ይቀራልን?

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ መዘዞን፣ ሞላሌንና ሸዋሮቢትን እንደ ነካ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የነበሩ ሕፃናት ዛሬ ለትምህርት ደርሰዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚቀበል መምህር «የልጅነት መከራ በዘረመል ላይ ተጽፎ ይቀራል» የሚለውን አነጋገር ሲሰማ፣ ተማሪው ገና ከጅምሩ የተበላሸ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የዚህ ሐተታ ዓላማ አነጋገሩ የቆመበት ጥናት ይህን ድምዳሜ ይሸከም እንደ ሆነ መመርመር ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን መረዳት ያሻል። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። አደጋው ሲያልፍ አንጎል የሆርሞኑን መብዛት በልዩ ተቀባዮች አማካይነት ተረድቶ መመንጨቱን ያስቆማል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እናታቸው እምብዛም በማትልሳቸው የአይጥ ግልገሎች ላይ፣ ይህን ተቀባይ በሚያሠራው ዘረመል ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ይበዛል፤ በዚህም የተነሣ ተቀባዩ ያንሳል፣ ድንጋጤውም ቶሎ አይበርድም። ዘረመሉ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሠራበት መጠን ነው።

በ2009 በካናዳ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች አንጎል ተመርምሮ፣ በልጅነታቸው ግፍ በተፈጸመባቸው ላይ ተመሳሳይ ምልክት ተገኘ። ጥናቱ ዋጋ ያለው ቢሆንም፣ ለንጽጽር የቀረቡትን ጨምሮ የተመረመሩት 36 አንጎሎች ብቻ ነበሩ፤ ከሞት በኋላ የተገኘው ምልክትም የልጅነት ግፍ ያመጣው ይሁን ከዚያ በኋላ ያለፈው ኑሮ፣ በዚህ መንገድ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የ2003ቱ የኒውዚላንድ ጥናት ነው። 847 ሰዎችን የመረመሩት አጥኚዎች፣ የአንድ ዘረመል አጭር ዓይነት ያላቸው ሰዎች መከራ ሲደርስባቸው ለድባቴ ይበልጥ ይጋለጣሉ አሉ። በ2019 በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በተደረገ ማጣራት ግን፣ ይህንኑ ጨምሮ 18 ስመ ጥር ዘረመሎች ከሌሎች ተራ ዘረመሎች የተሻለ ዝምድና ከድባቴ ጋር አልተገኘባቸውም። እንግዲህ የወደቀው የአንድ ዘረመል ታሪክ ነው፤ መከራ የበዛበት ልጅ ለድባቴ ይበልጥ መጋለጡ ግን በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ሆኖ ይኖራል።

ከአገራችን የተገኘው ማስረጃ የተለካው በላቦራቶሪ ሳይሆን በሜትር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴርኮንና የፖርተር ጥናት እንደሚያሳየው፣ የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በበረታበት ጊዜ ከሦስት ዓመት በታች የነበሩና ረኀቡ የጎዳቸው ሕፃናት በወጣትነታቸው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የመፈጸም ዕድላቸውም አንሷል። ጥናቱ የተመሠረተበት የገጠር ቤተሰቦች መረጃ የአንኮበሯን ዲንኪንና የደብረ ብርሃን አካባቢ መንደሮችን ይጨምራል። እንግዲህ የሕፃንነት ጉዳት እንደሚዘልቅ ለማመን የዘረመል ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሊዘልቅ ይችላል ማለት ግን አይመለስም ማለት አይደለም። በሩማንያ በሕፃናት ማሳደጊያ ይኖሩ ከነበሩ 136 ሕፃናት ገሚሶቹ በዕጣ ተመርጠው ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ከእነዚህም መካከል ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተሰጡት፣ ከዓመታት በኋላ ሰውነታቸው ለጭንቀት የሚሰጠው ምላሽ በቤተሰብ ካደጉ ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ጊዜው እንደሚወስን፣ እንክብካቤም እንደሚለውጥ ይህ ያሳያል።

ከዚህ የሚመነጨው ፍርድ ሁለት ወገን አለው። ለመምህሩ፦ ክፍል ውስጥ የሚደነግጥ፣ የሚቆጣ ወይም ዝም የሚል ልጅ ሰነፍም ርጉምም አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን የከለከለው ከሰብአዊ መብት አንጻር ነው፤ የጭንቀት ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ አለንጋ ያልበረደውን ድንጋጤ እንደገና ይቀሰቅሳልና። ኀዘኑ የማይለቀው ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ ወላጅን ማነጋገርና ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ይገባል። ለዕቅድ አውጪው፦ በጦርነት በተነካ ወረዳ የትምህርት ቤት ምገባ፣ የቅድመ መደበኛ ትምህርትና የመምህራን በቦታቸው መርጋት እንደ ትርፍ ወጪ ሊታዩ አይገባም። ልጁ ነገ የሚሆነውን በእርግጥ የሚያውቅ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ነገ ጠዋት በክፍሉ በር ላይ የሚጠብቀው ፊት ምን ዓይነት እንደሚሆን ግን በእጃችን ነው።