ካሜራ በሌንሱ ሲመረጥ

የካሜራ ሲስተም ሲባል አካሉን፣ ሌንሶቹንና ሁለቱን የሚያገናኘውን ማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ከአካሉ ጋር የሚቆላለፍበትን የብረት ቀለበት በአንድነት ያጠቃልላል። ከሦስቱ ቶሎ የሚያረጀው አካሉ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሻለ ሞዴል ይተካዋል፤ በጥንቃቄ የተያዘ ሌንስ ግን ተከታታይ አካላትን እየቀያየረ ረጅም ዘመን ያገለግላል። በመሆኑም የፒክስል ብዛትን ብቻ አወዳድሮ ካሜራ የሚገዛ ባለሙያ፣ ሳያስተውለው ለብዙ ዓመታት የሚያስረውን ማውንት መርጧል።

የማውንት ዕድሜ ምን ያህል እንደሚረዝም የኒኮንና የካነን ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን የኤፍ ማውንት ከስድሳ ዓመት በላይ ይዞት ሲዘልቅ፣ ካነን በ1987 ኤፍዲ የተባለውን የቀድሞ ማውንቱን ትቶ ኢኤፍ የተባለውን አመጣ፤ የኤፍዲ ሌንሶች ባለቤቶችም ለአዲሶቹ ካሜራዎች አዲስ ሌንስ መግዛት ግድ ሆነባቸው። ሆኖም ካነን የትኩረት ሞተሩን በየሌንሱ ውስጥ አስገብቶ ግንኙነቱን ሁሉ ኤሌክትሪካዊ ስላደረገው፣ ኋላ መስታወት አልባ ካሜራዎች ሲመጡ የተከተለውን ለውጥ በቀላሉ ተሻገረ። በኒኮን በኩል ደግሞ የቆዩት አውቶፎከስ ሌንሶች ትኩረታቸውን የሚያስተካክለው በካሜራው አካል ውስጥ ያለ ሞተር ስለነበር፣ ያ ሞተር በሌለው በ2006ቱ ዲ40 ላይ ቢገጠሙም ትኩረቱ በእጅ ካልተስተካከለ በስተቀር አይሠሩም ነበር። ሌንስ መግጠሙና ሙሉ አገልግሎት መስጠቱ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ገዢው ሁልጊዜ ሊያጣራ ይገባል።

ሚረርለስ የሚባሉት፣ ብርሃኑን ወደ መመልከቻው የሚያንጸባርቀው መስታወት የወጣላቸው ካሜራዎች ሲመጡ፣ በማውንቱና ብርሃኑን በሚቀበለው ሴንሰር መካከል ያለው ርቀት በእጅጉ አጠረ፤ በኒኮን ከ46.5 ሚሊሜትር ወደ 16፣ በካነን ከ44 ወደ 20 ወረደ፤ የሶኒ ኢ ማውንት ደግሞ 18 ነው። የድሮውንና የአዲሱን ማውንት የሚያያይዘው አዳፕተር ይህን ርቀት መጨመር እንጂ መቀነስ ስለማይችል፣ የድሮው የካነን ኢኤፍ ሌንስ አርኤፍ የተባለው አዲሱ ማውንት ባለው ካሜራ ላይ ያለ ችግር ሲሠራ፣ የአርኤፍ ሌንስ ግን በድሮው ካሜራ ላይ ሊሠራ አይችልም። የማውንት ቀዳዳ ስፋትም ብዙ ክርክር ያስነሳል፤ ዜድ የተባለው አዲሱ የኒኮን ማውንት 55፣ የሶኒ 46 ሚሊሜትር ገደማ በመሆናቸው ሶኒ እጅግ ብሩህ፣ ማለትም ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ መሥራት አይችልም ይባል ነበር። ሶኒ በ2021 የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.2 ሌንሱን ካወጣ በኋላ ግን ይህን ክርክር ለግዢ ውሳኔ መመዘኛ ማድረግ ተገቢ አይመስልም።

ሠርግና ዜና ለሚያነሳ ሰው ዋነኞቹ ሌንሶች፣ 24–70 እና 70–200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ በሦስቱም ድርጅቶች በጥሩ ጥራት ስለሚገኙ ምርጫው ከዋጋ ብዙም አያልፍም። ልዩነቱ የሚሰፋው ሥራው ወደ ዳር ሲወጣ ነው። በባሌ ተራሮች ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋው የሳነቴ አምባ ላይ በእግር እየተጓዘ ቀይ ቀበሮን የሚያነሳ ባለሙያ፣ እንስሳውን ሳያውክ ከሩቅ የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ያስፈልገዋል፤ አየሩ ስስ በሆነበት በዚያ ከፍታ ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ትንፋሽ ያሳጥራል። የኒኮን 600 ሚሊሜትር ኤፍ 6.3 ሌንስ በውስጡ ክብ ክብ ጭረቶች ባሉት ልዩ መስታወት ምክንያት ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ከመሆኑም ሌላ፣ ጠንካራ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣበት ያልተፈለገ ነጸብራቅ ሊያሳይ ይችላል። የካነን 600 ሚሊሜትር ኤፍ 11 ደግሞ 930 ግራም ብቻ ሲመዝን ዋጋውም ከኒኮኑ ሩብ በታች ነው። ይሁንና ኤፍ ቁጥር ሲጨምር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስለሚጠብ፣ ይህ ሌንስ ከኒኮኑ አንጻር የሚያስገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ማለዳ ጎህ ሲቀድ ለሚሠራ ሰው ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። የኦሊምፐስ 300 ሚሊሜትር ኤፍ 4፣ ሴንሰሩ በአግድምም በቁመትም ግማሽ ያህል በሆነ ካሜራ ላይ ስለሚገጠም፣ የሚያሳየው የእይታ ስፋት ከ600 ሚሊሜትር ጋር እኩል ነው። የሴንሰሩ አነስተኛነት ግን የዳራውን መደብዘዝና በጠቅላላው የሚሰበሰበውን ብርሃን በትልቁ ሴንሰር ላይ ካለ ኤፍ 8 ጋር እኩል ያደርገዋል፤ ሌንሱም ራሱ ከኒኮኑ እምብዛም አይቀልም። ለዚህ ሥራ አቅሙ የፈቀደለት ሰው የኒኮኑን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ሌላው ሰው የካነኑን ይዞ ፀሐይ ከፍ እስክትል ቢጠብቅ ከጉዞው ባዶ እጁን አይመለስም።

ሌላው ሊመረመር የሚገባው የማውንቱ ክፍትነት ነው። ሶኒ የኢ ማውንትን መሠረታዊ ዝርዝር ከ2011 ጀምሮ ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ስለሰጠ፣ ሲግማና ታምሮን በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ጥሩ ሌንሶችን አቀረቡለት። ካነን በበኩሉ የ2018ቱን አርኤፍ ለዓመታት ዘግቶ ቆይቶ በ2024 ነበር ለሁለቱ ድርጅቶች በር የከፈተው፤ እርሱም ለአነስተኛ ሴንሰር በተሠሩ ሌንሶች ብቻ ነበር። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ባለሙያ በሚበዛበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ ገበያ ይህ ልዩነት ከጥቂት የጥራት ብልጫ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ ምክንያቱም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሌንስ መግዛት መቻሉን የሚወስነው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ አብረው የሚሠሩት ባልደረቦች የያዙት ማውንት ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሥራ መካከል ሌንስ የተበላሸበት ሰው መዋስ የሚችለው ከእነርሱ ብቻ ነውና።