ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ

«የሰው ቤት ምግብ አይነቀፍም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። በልጅነታችን ጎረቤት ተልከን የቀረበልን ወጥ ጨው ቢበዛበት፣ እንጀራውም ዓይን ባያወጣ፣ «ጠገብኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መነሣት እንጂ ፊትን ማጨማደድ አልተፈቀደልንም። መልካም ሥርዓት ነው። ያለውን ያቀረበ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊታማ አይገባውም። ዳሩ ግን ስሙ ከአገር አገር በተሰማ፣ ለአንድ ሳህን የአንድ ቀን ደመወዝ በሚያስከፍል ምግብ ቤትስ ይኸው ሥርዓት ይሠራል ወይ? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በአሜሪካ ደቡብ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ የበላሁት አንድ እራት ነው።

ጋባዤ አብሮ አደጌ ነው። አትላንታ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሳቸው ተሳፋሪዎች የዚያን ቤት ስም እየጠሩ ከንፈራቸውን ሲመጡ ሰምቷል። እንግድነት በሄድኩ ጊዜ «አንተ ስለ መጽሐፍም ስለ ምግብም መጻፍ ትወዳለህ፤ እዚያ ቤት ሳላስገባህ አትመለስም» አለኝ። ከወር በፊት ጠረጴዛ አስይዞ፣ የሁለት ቀን ሥራውን ትቶ፣ ለዚያች ማታ ብሎ የገዛውን ሸሚዝ መኪናው ውስጥ ሰቅሎ አምስት ሰዓት ያህል ነዳን።

የቤቱን ስም አልጠራም። በአንድ ማታ እራት አንድን ቤት በስሙ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ደግሞም የማነሣው ነገር ከአንድ ቤት የሰፋ ነው።

ወደ ገበታው ከመቅረባችን በፊት ግን ስለ ከተማይቱ ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ የእራቱ ጉድለት አይገባም። ቻርልስተን የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1670 ነው። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከናጠጡት ከተሞች አንዷ ያደረጋት ሩዝ ነው። ሩዙን ረግረግ መንጥረው፣ ቦይ ቀድደው፣ ውሃ አቁመው ያመረቱት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው። ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተጋዙት አፍሪካውያን አርባ በመቶ ያህሉ በዚህች ወደብ በኩል እንደገቡ ይገመታል። ብዙዎቹም ሩዝ ከሚዘራበት አገር የመጡ ነበሩ። የሩዝ እርሻው ጥበብ ምን ያህሉ የእነሱ ነው በሚለው ላይ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጁዲት ካርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው «ብላክ ራይስ» ዘሩም ዕውቀቱም ከአፍሪካ ተሻግሯል ስትል ሌሎች ድርሻውን ያሳንሱታል። አንድ ነገር ግን አያከራክርም። ሩዙን በእንጨት ሙቀጫ በዘነዘና የወቀጡት፣ በሰፌድም ያበጠሩት የእነዚያ ሰዎች እጆች ናቸው።

ሰፌድ ስል ለማሳመር አይደለም። ከእራቱ በፊት በከተማይቱ ገበያ ስንዘዋወር፣ ጉላ የሚባሉት የእነዚያ ሰዎች ልጅ ልጆች ቁጭ ብለው ሣር እየጠቀለሉ ሲሰፉ አየን። ጓደኛዬ አንዱን አንሥቶ ገለበጠውና «ይኼማ የእናቴ ሰፌድ ነው!» አለ። ያገራችን ሥራ አይደለም፤ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነው። ግን እህል በየትም አገር ገለባውን የሚለይለት ዕቃ ይፈልጋልና መልኩ ተመሳሰለ። ዛሬ ቱሪስት የሚገዛው ጌጥ ሁሉ የሩዝ ማበጠሪያው ዘር ነው።

ማታ ቤቱ ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ሰፌድ ነበር። ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ በትንሽ መብራት ደምቆ፣ ዳሩ የተበላ አሮጌ ማበጠሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደስ አለኝ። «ይህ ቤት ከየት እንደመጣ ያውቃል» አልኩ በልቤ። ቤቱ ከእርስ በርሱ ጦርነት በፊት የተሠራ ነው። ወለሉ ሲረገጥ ያቃስታል፣ መስኮቶቹ ረጃጅሞች ናቸው። የምግብ ዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ የቤቱን ታሪክ ይተርካል፦ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደወረሰው፣ የትኛው ታላቅ ሰው እንደተመገበበት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንድም አብሳይ ስም የለበትም።

በሸርጣን ሾርባ ጀመርኩ። ሸርጣን የማይበሉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጓደኛዬም ከእነሱ ወገን ነው። እኔ ግን አንድን ቤት የምመዝነው በሚኮራበት ምግብ ነው። ይህ ሾርባ የቻርልስተን ኩራት ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የከተማይቱ ከንቲባ የነበሩት የጉድዊን ሬት ቤት አብሳይ፣ ዊልያም ዲስ የሚባሉ ጥቁር ሰው፣ የሴቷን ሸርጣን እንቁላል ጨምረው አሁን ያለውን መልክ እንደሰጡት ይነገራል። የሾርባው ነፍስ ያ እንቁላል ነው፤ ቀለሙም ጣዕሙም ከእሱ ይመጣል። ለእኔ የቀረበልኝ ግን በዱቄት የወፈረ፣ ማንኪያ የሚያቆም ነጭ ነገር ነው። እንቁላሉን ፈለግኩ፤ አጣሁ። ላዩ ላይ የፈሰሰው ወይን ብቻ አፍንጫዬን መታው።

ሩዙ ተከተለ። የምግብ ዝርዝሩ «ካሮላይና ጎልድ» ይለዋል። ይህ ዝርያ ባርነት ከቀረ በኋላ እየተዳከመ ሄዶ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከእርሻው ጠፍቶ፣ በ1980ዎቹ እንደገና የተዘራ ነው። ያገሬው ሰው ስለ ሩዝ አንድ ሕግ አለው፦ ፍሬው ከፍሬው አይጣበቅም። የእኛ ሩዝ ላዩ ገንፎ፣ ልቡ ጥሬ ነበር። በጥርሴ መካከል ቀጭ ሲል ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ሰፌዱ ያበራል። ዕቃውን አክብሮ የሰቀለ ቤት፣ ዕቃው የተሠራለትን ሩዝ መቀቀል አቅቶታል።

ጓደኛዬ የተጠበሰ ዶሮ አዘዘ። ጎመኑ ሲመጣለት የአገሩን ያህል ደስ ብሎት ነበር፤ ግን በአሳማ ሥጋ የተቀቀለ ነው። ይህ የቤቱ ጥፋት አይደለም፤ የአገሩ ወግ ነው። ጥፋቱ ሌላ ነው። ጎመኑ ተቀቅሎ ተቀቅሎ፣ በስኳርም ጣፍጦ፣ ጎመንነቱን ረስቷል። ዶሮው ውጪው ወርቅ ይመስላል፤ ሲነካ ግን ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ቀለም ተላጠ፣ አጥንቱ ዘንድ ቀዝቃዛ ነው። ከረፋድ ጀምሮ ተጠብሶ የቆየና እንደገና የሞቀ መሆኑን ለመናገር አዋቂ መጥራት አያሻም።

ፍርድ እንዳይጓደል አንድ ነገር ልመስክር። ከቡና ጋር የቀረበው የሰሊጥ ብስኩት እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሰሊጡ በልኩ የተቆላ፣ አፍ ውስጥ የሚፈረካከስ ነበር። ሰሊጥን እዚያ «ቤኔ» ይሉታል፤ ስሙም ዘሩም ከምዕራብ አፍሪካ የተሻገረ ነው። ከዚያ ሁሉ ገበታ ሰው በእጁ እንደሠራው የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

አስተናጋጃችን ሸበቶ ጥቁር ሰው ነበሩ። ሦስት ጊዜ መጥተው «ሁሉ ነገር መልካም ነው?» አሉን። ሦስት ጊዜም እኔና ጓደኛዬ በአንድ አፍ «እጅግ ጥሩ ነው» አልን። በመጨረሻ በሳህኖቹ ላይ የተረፈውን አዩ፣ እኛንም አዩ፣ ምንም ሳይሉ አነሡት። ሒሳቡ ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ነበር። ጓደኛዬ ጉርሻውን ጨምሮ ከፈለ፣ «እህስ?» አለኝ። «ዕድሜ ይስጥህ፤ የማልረሳው እራት ነው» አልኩት። ይህ እንኳ ሐሰት አይደለም።

ሌሊቱን በርካሽ ሞቴል አልጋ ላይ ስገላበጥ ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ውሸቱ ነው። ለጓደኛዬ መዋሸቴ ይገባኛል፤ ፍቅር ነው። ለቤቱ የዋሸሁት ለምንድን ነው? ራሴን ስመረምር ያገኘሁት መልስ አላማረኝም። እኔና ጓደኛዬ፣ ሁለት ጥቁሮች፣ በዚያ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ፊት ስንቀመጥ፣ ከውስጣችን አንድ ድምፅ «እንኳን አስገቡን» ይል ነበር።

ያ ወንበር ግን የማንም ችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1960 በዚያችው ከተማ ሃያ አራት የበርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች ክሬስ በተባለ መደብር የምሳ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። የሚያስተናግዳቸው አጡ፤ ተነሡ ሲባሉ እምቢ ብለው ታሰሩ። በምግብ ቤቶች በዘር መለየትን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1964 ነው። እስከዚያ ድረስ በደቡቡ ብዙ ምግብ ቤቶች ጥቁሩ ወጥ ቤት ገብቶ ያበስላል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን አይቀመጥም። እንግዲህ እነዚያ ልጆች የታሰሩት ሰው በአዳራሹ ተቀምጦ የቀረበለትን ሁሉ እንዲያመሰግን አልነበረም። በገበታ የመቀመጥ መብት፣ ያልበሰለውን ሩዝ «መልሱልኝ» የማለት መብት ጭምር ነው። እኛ የመጀመሪያውን ተጠቅመን ሁለተኛውን በይሉኝታ ጣልነው።

በማግሥቱ ወደ አትላንታ ከመመለሳችን በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት ክፍል ቤት ቆምን። ምንም የተሰቀለ ነገር የላትም። የእናቶቻችንን ዕድሜ የሚያህሉ ሴት በመስኮት ያቀብላሉ። ጓደኛዬ አሳማ እንደማይበላ ሲነግራቸው ለብቻ ከተቀመጠ ድስት ጨለፉለት። በቲማቲም የተሠራ ቀይ ሩዝ፣ ባሚያና የተጠበሰ ዓሣ ነበር። ይህ ቀይ ሩዝ የምዕራብ አፍሪካው የጆሎፍ ዘመድ ነው። ፍሬው ከፍሬው አልተጣበቀም። ባሚያው አልተልጎመጎመም። ሁለት ጉርሻ ያህል ዝም አልን። ከዚያ ጓደኛዬ ሹካውን አስቀመጠ።

«ስማ፣ የትናንቱ ሩዝ...»

«ጥሬ ነበር» አልኩት።

«አውቀሃል እንዴ? ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ እንዳታፍር ብዬ ነዋ!»

«እኔስ አንተ እንዳታፍር ብዬ አይደል!»

ሴትየዋ በመስኮት ብቅ እስኪሉ ድረስ ሳቅን። ነገሩን ሳስበው ግን ሳቁ ምሬት ነበረበት። በዚያ አዳራሽ በየማታው የሚቀመጠው ሰው ስንቱ እንደ እኛ ነው? ጋባዡ ለተጋባዡ፣ ተጋባዡ ለጋባዡ፣ ቱሪስቱም ለከፈለው ገንዘብ ሲል ያመሰግናል። ወጥ ቤቱ የሚሰማው ምስጋናውን ብቻ ነው። የታላቅ ቤት ዝና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በድስቱ ሳይሆን በእንግዶቹ ይሉኝታ ይኖራል። ይሉኝታ ደግሞ ሩዝ አያበስልም።

«የደቡቡ ምግብ ድሮም ስብና ስኳር ነው» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። የባሪያ ልጅ ልጅ የነበሩት ኤድና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት የምግብ መጽሐፍ በወቅቶች የተከፋፈለ ነው። ምግቡ ነጻ የወጡ ባሮች በቆረቆሩት የቨርጂኒያ መንደር በጸደይ፣ በበጋ፣ በመከርና በክረምት ከሚገኘው ነገር ይነሣል። እኚህ ሴት በ1980ዎቹ እዚያው ቻርልስተን አጠገብ በሚገኘው በቀድሞው የባላባት ርስት በሚድልተን ፕሌስ ዋና አብሳይ ነበሩ። ሙያቸው በምርጫና በትዕግሥት የቆመ ነው። የትናንቱ ቤት የጎደለው ቅመም አይደለም፤ ይህ ትኩረት ነው። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የአብሳዮቹን ስም ያስቀረው ቸልተኝነትና ሩዙን ጥሬ ያወጣው ቸልተኝነት አንድ ይመስሉኛል። እጁን የረሳ ቤት፣ የእጁንም ሥራ ይረሳል።

ይህን ስጽፍ አዲስ አበባን አልረሳሁም። ግድግዳው በሰፌድና በአገልግል ያጌጠ፣ መሶቡ ያማረ፣ ሽሮው ግን ያልበሰለበት «የባህል ምግብ ቤት» ስንታችን ገብተናል? ስንታችንስ «እጅግ ጥሩ ነው» ብለን ወጥተናል?

ጓደኛዬ ይህ ጽሑፍ እንደሚወጣ ያውቃል። «ለሸበቶው አስተናጋጅ ያላልነውን በልልኝ» ብሎኛል። ስለዚህ እላለሁ፦ አባት፣ ሾርባው እንቁላል የለውም፤ ዶሮው ትናንትን ያስታውሳል፤ ሩዙ አልበሰለም። የሰሊጡን ብስኩት የሠራውን ሰው ግን በእኔና በጓደኛዬ ስም አመስግኑልን። ስሙንም ጠይቃችሁ በዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።